ላይኛው መስመር ሲረዝም

ካቻቢቴ ጃፓንኛ መማር የጀመረችው በፍቅር አልነበረም፤ በንዴት ነበር።

ስሙን ያወጡላት የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሰፊዎች ናቸው። ጠጉሯን ከኋላ ጠቅልላ በካቻቢቴ ትወጋዋለች፤ ማሽን ሲቆም መዘዝ አድርጋ ብሎን ትፈታበታለች፤ ያን ጊዜ ጠጉሯ ትከሻዋ ላይ ዝርግፍ ይላል። ከእሷ በፊት ማሽን ይጠግን የነበረው አጎቷ ነው። ዓይኑ ሲደክም የመሣሪያ ሳጥኑን ለእሷ ትቶ ቤቱ ተቀመጠ። ሠላሳ ማሽን ወረሰች። ሠላሳዎቹም በጃፓን አገር አገልግለው ጡረታቸውን እዚህ ሊያሳልፉ የመጡ ይመስል፣ የየራሳቸው አመል ነበራቸው።

ከሁሉም የባሰችው ሰባተኛዋ ነበረች። ስፌት መዝለል ጀመረች፤ ሦስት ትሰፋለች፣ አንድ ትዘላለች። ከውጭ የተጠራው ባለሙያ ከፍቶ አያት፣ መልሶ ዘጋትና «ይቺ አልቆላታል፤ ለብረት ሽጧት» አለ። ሲወጣ ካቻቢቴን ዞር ብሎ አይቶ፣ መመሪያ መጽሐፏ እንኳ የሚነበብ ቢሆን አንድ ነገር ነበር ብሎ ሳቀባት። መጽሐፏ የት እንዳለች ካቻቢቴ ታውቃለች፤ የሻይ ጠረጴዛዋ እንዳትወላገድ ከአንድ እግሯ ሥር ተሸጉጣ ስድስት ዓመት ኖራለች። በዚያው ቀን መዝዛ አወጣቻት። ሻዩ ተደፋ፤ ሰፊዎቹ ተቆጧት፤ እሷ ግን ወረቀቱን በመሀረቧ እየጠረገች ነበር።

ሙያ በልብ ነው ብላ ለማንም ሳትናገር ጀመረች። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ቀላሎቹን ነበር። ጃፓኖች ድምፅ የሚጽፉባቸው ሁለት የፊደል ገበታዎች አሏቸው፤ አንዱ አርባ ስድስት፣ ሌላውም አርባ ስድስት። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያሉ ስለሚወርዱ ሀ ሁ ብሎ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆኑም። በሦስት ሳምንት ጨረሰቻቸውና ወንዙን ተሻገርኩ ስትል፣ ዋናው ጫካ ከማዶ ቆሞ ጠበቃት። ጋዜጣ ለማንበብ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም ለራሱ የቆመ ቃል ነው።

ሃምሳውን በጉልበት ያዘቻቸው። መቶ ላይ ስትደርስ ወንፊት ሆነች፤ ጠዋት የቀዳችው ምሳ ሰዓት ላይ የለም። ማሽን ፈታች ገጠመች፣ ፈታች ገጠመችና አንድ ቀን ነገሩ ገባት። ምልክቶቹም ልክ እንደ ማሽን ከዕቃ የተገጠሙ ናቸው። አንዱ ብሎን አሥር ማሽን ውስጥ እንደሚገባ፣ አንዷ ቁራጭ አሥር ቃል ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ወዲህ መሸምደዱን ትታ መፍታት ያዘች፤ ለምትፈታው ሁሉ አንድ ትንሽ ታሪክ ትሰጠዋለች። ሰው ዛፍ ተደግፎ ከቆመ፣ ማረፍ ነው። በሁለት መዝጊያ መካከል ጆሮ ከገባ፣ መስማት ነው። ልብና መጥፋት ጎን ለጎን ሲቆሙ ሥራ መብዛት ነው፤ ልብ ከመጥፋት ሥር ስትተኛ ደግሞ መርሳት። ሥራ የበዛበት ሰውና የሚረሳ ሰው ከአንድ ዕቃ መሠራታቸው በጣም ደስ ይላት ነበር። ታሪኮቹን ከልብስ ቅድ በተረፈ ካርቶን ላይ እየጻፈች ኪሷ ውስጥ ትይዛለች፤ ክር በሚቀየርበት በዚያች አፍታ አንዷን ታወጣለች፣ ትመልሳለች።

በአራተኛው ወር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አነበበች። መርፌው ታች ደርሶ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል መንጠቆው ይድረስበት፣ ይል ነበር። አስተካከለችው። ሰባተኛዋ እንደ ማር ሰፋች። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ጥግ ላይ በካውያ ልብስ የምትተኩሰው እናቷ ብቻ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ የፋብሪካው ባለቤት እትዬም ከፎቅ ወርደው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ጎበዝ» ብለው ተመለሱ። እናቷ ሃያ ዓመት ስትተኩስ ያቺን ቃል አልሰማችም።

ረጅሙ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ረጅሙ የእትዬ አንድ ልጅ ነው፤ ጨርቅ ቆራጭና ንድፍ አውጪ። በር ሲገባ አንገቱን ይሰብራል፤ ሰው ሲያናግር ደግሞ ከዚያም በላይ ይሰብራል። አንድ ቀን ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ካርቶን አነሳ። በአንድ በኩል እንግዳ ምልክት፣ በሌላ በኩል «ሰው ዛፍ ተደግፎ» የሚል አለበት። የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አወቀ፤ ክር ሲቀየር ካርቶን ከኪሷ የምታወጣ አንዲት ብቻ ነበረችና። ሲመልስላት ከካርቶኗ ጋር በልኳ የተቆረጡ፣ ጠርዛቸው የተስተካከለ ሃምሳ ባዶ ካርቶኖች ሰጣት። ብዙም አልተነጋገሩም። እሷ ያቺን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ተሳስታ የደህና ማሽን ብሎን ፈታች።

ከዚያ በየቀኑ አንድ ምልክት ሊማር ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ይቆም ጀመር። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛቻትን ወፍራም የጃፓንኛ መዝገበ ቃላት ምን እንደምትላት ሲጠይቃት «መፍቻ ናት» አለችው። ብሎን ሲጠነክር አንዱን መፍቻ፣ ቃል ሲጠነክር ሌላውን። ሳቀ። የሚስቅ ሰው መሆኑን ከዚያ በፊት ማንም አላየም ነበር። መልእክታቸውን የሚለዋወጡት በሰባተኛዋ ማሽን መጽሐፍ ገጾች መካከል ነው፤ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መደርደሪያ ላይ በግልጽ የተቀመጠች፣ ማንም የማይከፍታት መጽሐፍ።

አንድ ቀን «መውደድ» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቃት። ፊቷ ጋለ። ደንግጣ፣ ጣሪያ ሥር የተቀመጠች ሴት የሚመስለውን ሰጠችው። ያ ምልክት ግን ርካሽ ማለት ነው። በማግስቱ ገጾቹ መካከል በጥንቃቄ የተጻፈ «አንቺ ለእኔ በጣም ርካሽ ነሽ» የሚል አገኘች። እናቷ ከካውያው ማዶ ምን ነካሽ እስክትላት ድረስ ሳቀች። ማረም ነበረባት። ለማረም ደግሞ ትክክለኛውን፣ ሴትና ልጅ ጎን ለጎን የቆሙበትን፣ በገዛ እጇ ጽፋ ከሥሩ የእሱን ስም ማድረግ ግድ ሆነባት። እንዲህ ሆኖ ቀድማ የተናገረችው እሷ ሆነች።

ዓመት ሞላ። በአፋቸው ግን አንድም ቀን አላሉትም። እሱ የፋብሪካው ባለቤት ልጅ፣ እሷ የካውያ ተኳሿ ልጅ፤ በዚያ ላይ በአንዲት የወደብ ከተማ ያለ ጨርቅ አስመጪ ሴት ልጁን ለረጅሙ አስቦ፣ እትዬም ይሁን ብለው፣ ነገሩ ባይነገርም ያለቀለት ነበር። እሁድ ዕለት ረጅሙ ወደዚያ ሊሄድ ነው፤ የአስመጪውን አዲስ ሱቅ ሊያደራጅ ተባለ። ሱቁ ሰበብ መሆኑን ክር የምትጠቀልለው ሠራተኛ ሳይቀር ታውቃለች።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ካቻቢቴን ወደ ላይ አስጠሯት።

የእትዬ ቢሮ መስኮቱ ወደ ሥራ አዳራሹ ነው የሚያየው። ካቻቢቴ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ በአራት የታጠፈ ወረቀት ተቀምጧል፤ የካውያ ሙቀት አልፎበት እንደ ቅጠል ለጥ ብሏል። እትዬ በሩን እንድትዘጋ ነገሯት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ያመጣችልኝ እናትሽ ናት። ለጉዞው የሚለብሰውን ኮት ስትተኩስ ከኪሱ አገኘችው። ጽሑፉን አላውቀውም፤ እጁን ግን አውቀዋለሁ። የልጄ እጅ ነው።»

ከዚያ የልባቸውን ዘረገፉት። ልጃቸው ዓመት ሙሉ በየንድፉ ጠርዝ ላይ ይህን ሲሞነጭር፣ ሞንጭሮም ብቻውን ፈገግ ሲል አይተዋል። ጠይቀውት ዝም ብሏቸዋል። ዞረው ዞረው የደረሱበት አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ጃፓናዊት በስልክ አግኝታዋለች። ባሕር ተሻግራ ልትወስድባቸው ነው። እንቅልፍ ካጡ ሰነበቱ፤ ለሰው እንዳያወሩት ደግሞ ያሳፍራል።

«አንቺ የማሽኑን ቋንቋ ታውቂ የለ? አንብቢልኝ፣ ልጄ። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

ካቻቢቴ ወረቀቱን ከፈተችው። አጭር ነበር። እናቴ አናገረችኝ፣ ይላል። እሁድ እሄዳለሁ። ከዚያ፣ የሁለታችን ነገር፣ ይልና አንዲት ምልክት ብቻዋን ቆማለች። ከእሷ ቀጥሎ፣ አትርሺ።

ያቺን ብቸኛ ምልክት አየቻት። መጨረሻ።

ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደሚቆም ማሽን መዞሩን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አደረገ። እትዬ ምን ይላል ብለው ጠየቋት። የፈለገችውን ልትላቸው ትችል ነበር፤ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ተሳስተሻል የሚላት ሰው አልነበረም። «የሁለታችን ነገር አበቃ፣ አትርሺ ይላል» አለች። ድምፁ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት።

እትዬ እፎይ አሉ፤ ግን ፊታቸው ላይ ደስታ አልታየም። ጥቂት ቆይተው ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረቡላት። ወንድ ልጅ አበቃ ቢል ሴቲቱ ላትቆርጥ ትችላለች፤ እኔም እናት ነኝና በመልካም ቃል ላናግራት አሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ ካቻቢቴ በጃፓንኛ ትጽፋለች።

«እንዲህ በያት» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው። «ክፉ ሴት አይደለሁም። ባሌ ሲሞት ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ያለኝ እሱና አንድ የእጅ ማሽን ነበሩ። ቀን በእግሬ ሥር ክር እየጠቀለለ፣ እዚያው ጨርቅ ላይ እየተኛ ነው ያሳደግኩት። ቅርብ ብትሆኚ መጥቼ ዓይን ዓይንሽን እያየሁ እለምንሽ ነበር። ሩቅ ነሽና በወረቀት ልለምንሽ፤ እናት ነኝ።»

ዞር ብለው ዓይን ዓይኗን አዩአት፤ ልክ የሚናገሩት ለእሷ ይመስል።

ካቻቢቴ ጻፈች። ለራሷ የተላከ ደብዳቤ በራሷ እጅ ጻፈች፤ እያንዳንዱን ቃል በሥርዓቱ። «እናት ነኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። እናት የሚለውን ምልክት መፍታት በጀመረችበት ሳምንት ነው ያወቀችው፤ አጥር ውስጥ ሁለት ጠብታ፣ የጡት ወተት ብላ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ምልክት ታውቅ ነበር፤ ያቺ ግን ጠፋች። ፈለገቻት። በመስታወቱ በኩል ወደ ታች ብታይ፣ እናቷ በካውያው እንፋሎት ውስጥ አጎንብሳ የረጅሙን ኮት እጅጌ ስታሳምር ነበር።

«ጠፋብሽ እንዴ?» አሉ እትዬ።

«ጠፋብኝ» አለችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ የሚልኩላት ሴት የለችም። ጃፓናዊት የለችም። የተጻፈው ለእኔ ነው።»

የማሽኖቹ ድምፅ ከታች እንደ ሩቅ ዝናብ ይመጣል። እትዬ የልጃቸውን ወረቀት መልሰው አጠፉት። መጀመሪያ የጠየቁት እናትሽ ታውቃለች ወይ የሚል ነበር። አታውቅም፣ ብታውቅ ወረቀቱን ለእኔ ነበር የምታመጣው አለቻቸው።

«አበቃ ይላል አልሽኝ።»

«ይላል።»

«ሌላ ልትይኝ ትችዪ ነበር።»

«አዎ።»

እትዬ ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «የአንቺ ከሆነ ውሰጂው» አሉ፣ ቁጣም ይቅርታም በሌለበት ድምፅ። የደረጃው ቁጥር ያን ያህል ብዙ መሆኑን ካቻቢቴ እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር።

ረጅሙ ከሰዓት በኋላ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ ከገበያ ተመለሰ። በተሰቀሉት ልብሶች መካከል በዓይኑ ፈለጋት፤ አገኛት፤ ዓይኗን አዞረች። ጠበቀ። መጽሐፏን ከፈተ፣ ባዶ ናት። ደግሞ በማሽኖቹ መካከል ሲያልፍ ክንዱ ክንዷን ሊነካ ሲል ሸሸችው። ሰፊዎቹ እስኪወጡ ድረስ እንዲህ ሆኑ። አዳራሹ ሰው ሲያልቅበት ፀጥታው ራሱ የተንጠለጠለ ጨርቅ ይመስላል፤ በከፍታው መስኮት የሚገባው የምሽት ፀሐይ የጨርቁን ብናኝ ወርቅ አልብሶ በአየር ላይ ያንሳፍፈዋል። እሷ ሰባተኛዋን ዘይት እያጠጣች ነበር።

«ምን አጠፋሁ?» አላት።

ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ዘረጋችለት። እንዴት እጇ እንደገባ ገና ሳይገባው ፊቱ በራ፤ ቀጥሎ ፊቷን አየ።

«መጨረሻ ካልክ በኋላ ደግሞ አትርሺ ማለት ምን ይባላል?» አለችው። «እንድረሳ ብትተወኝ ይሻል ነበር።»

«መጨረሻ መቼ አልኩ?»

ጣቷን ምልክቷ ላይ አደረገች። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«ገና ነው ያልኩት እኮ።»

እሷም ጎንበስ አለች። ዛፍ ነው፤ ዛፉ ላይ ሁለት አግድም መስመር አለ። ላይኛው ከረዘመ መጨረሻ፣ ታችኛው ከረዘመ ገና ይሆናል። ሌላ ምንም ልዩነት የላቸውም። ረጅሙ ከጆሮው ሥር እስኪቀላ ድረስ አፍጥጦ ቆየና የብረት ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣ። ለካ። ደግሞ ለካ። ሁለቱም አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር። በአንገትጌ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት የማያልፈው ሰው፣ የሕይወቱን ቃል ሁለቱን መስመር እኩል አድርጎ ጻፈው።

«ስትጽፈው ምን ታስብ ነበር?»

«ገናን።»

«እኔም ሳነበው የፈራሁትን ነው ያነበብኩት» አለች። እንባዋ ሳቋን ቀደመው፣ ከዚያ ሳቋ እንባዋን ደረሰበት።

ያን ጊዜ ነው ጠዋት ፎቅ ላይ የሆነውን ሁሉ የነገረችው። ኮቱን፣ ጃፓናዊቷን፣ ለራሷ የጻፈችውን ደብዳቤ፣ በመጨረሻም የተናገረችውን። እየሰማ ሄዶ ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ረጅም ሰው ሲቀመጥ የሚያንሰው ብዙ ነው፤ በዚያች ሰዓት ልጅ መሰለ።

«ዓመት ሙሉ ያልቻልኩትን በአንድ ጠዋት አደረግሽው» አለ። «ዛሬ እነግራታለሁ፣ ገና ነው። ነገ፣ ገና ነው። ያቺን ቃል የጻፍኩልሽ ተስፋ መስሎኝ ነው። ለካ ፍርሃቴን ነው የጻፍኩልሽ።»

አጠገቡ ቆመች። አላጽናናችውም። «ገና ከመጨረሻ ይሻላል» አለችው፤ «ግን ሰው ገና ውስጥ አይኖርም።» ከዚያ፣ ዓመት ሙሉ ያላደረገችውን፣ ዘይት የነካ እጇን ጉንጩ ላይ አሳረፈች።

ተነሣ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። የቢሮው በር ሲዘጋ ሰማች። ጩኸት ጠበቀች፤ አልመጣም። እናቷ ኮፍያዋን አድርጋ ወደ ቤት እንሂድ ብላ እስክትጠራት ድረስ፣ በዚያ ዝምታ ሥር ቆማ፣ ጣቶቿ ላይ የቀረውን ሙቀት እንዳይበርድ ጨብጣ ያዘችው።

ማታ ራት ላይ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ሰማች። መጀመሪያ የተናደደችው በራሷ ነው፤ በገዛ እጄ የልጄን ምስጢር ወስጄ ሰጠሁ ብላ። ከዚያ ከሥራ ብትባረር ምን እንደምትሠራ ሳይሆን፣ ልጁ ያከብርሻል ወይ ብላ ጠየቀች። ያከብረኛል ስትላት ሌላ አልጠየቀችም፤ ነገ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትገቢ አለቻት ብቻ።

በማግስቱ ካቻቢቴ ሳትጠራ ወደ ላይ ወጣች። እትዬ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ዓይናቸው ያበጠ ይመስላል። ትናንት ያነበብኩልዎት ስህተት ነበር አለቻቸው፤ አበቃ አይልም፣ ገና ነው የሚለው። ልዩነቱ የሁለት መስመር ርዝመት መሆኑን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፋ አሳየቻቸው።

እትዬ ሁለቱን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። ልጃቸው ማታውኑ እንደነገራቸው ገለጹላት። ወደብ ከተማ ለሱቁ ሥራ ብቻ ሄዶ በሦስት ወር እንደሚመለስ፣ የአስመጪውን ልጅ እንደማያገባ፣ ለአስመጪውም ራሱ እንደሚነግረው ነው የነገራቸው።

«እሱ ነግሮኛል። አንቺ ደግሞ ለምን መጣሽ?»

«ያነበብኩልዎት እኔ ነኛ። የተሳሳትኩትን ማረም ያለብኝ እኔ ነኝ።»

እትዬ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ፈገግታ ሊመጣ ሲል መለሱት። በሁለት ሚሊ ሜትር ስንት እጅጌ እንዳስፈቱ ጠቀሱና፣ ወደ ሥራሽ አሏት። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ምንም አልተባለም። ካቻቢቴ በእነዚያ ቀናት የተማረችው አንድም ምልክት የለም። ካርቶኖቹን ታወጣለች፣ ታያቸዋለች፤ ካርቶኖቹ ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ይመስላሉ።

ቅዳሜ ፋብሪካው የአንድ ትልቅ ሆቴል አንሶላ ያስረክብ ነበር። እናቷ ካውያው አጠገብ ብቻዋን አንሶላውን አንዴ በአገጯ፣ አንዴ በክንዷ ይዛ ልታጥፍ ስትታገል፣ እትዬ ከፎቅ ወረዱ። ሰፊዎቹ እግራቸውን ከማሽኖቹ መርገጫ ላይ አነሡ። እትዬ በማሽኖቹ መካከል ቀጥ ብለው ሄዱና የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ያዙ።

ሁለቱ ሴቶች አንሶላውን ወጠሩት፤ አራገፉት፤ አጠፉት። ከዚያ እንደ ልማዱ ጫፉን ይዘው አንዷ ወደ አንዷ ተራመዱ። እጆቻቸው ሲገናኙ እትዬ አልለቀቁም።

«እህቴ» አሉ። ሃያ ዓመት ሲጠሯት የኖሩት ተኳሿ እያሉ ነበር። «ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንሠራ፣ ያቺን ልጅ እንዴት እንዳሳደግሻት አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም።»

«ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር» አለች እናቷ፤ ቀና ብላ፣ ጫፉን ሳትለቅ።

«ሰው ሲወድ ይዋሻል። እሷ የምትወደው ቢቀርባትም ለእኔ እውነት የመሰላትን አነበበችልኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሁን ልጠይቅሽ መጥቻለሁ። ንገሪኝ።»

ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ረጅሙ መቀሱን እንደያዘ ቆሟል። ካቻቢቴ ወደ እሱ አላየችም፤ ብታይ እንደምታለቅስ ታውቃለች። የምታየው እናቷን ነበር። እናቷ አንሶላውን ለእትዬ አስታቅፋ፣ ጎንበስ ብላ የካውያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከጎኗ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ አስለቀቀች። እትዬ ተቀመጡ።

እናቷ ማውራት ጀመረች። ምን እንደምትል ከዚያ ርቀት አይሰማም፤ እጇ ግን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የአንዲትን ትንሽ ልጅ ቁመት ያሳያል። ካቻቢቴ ይህን እያየች ቆማ፣ ከዚያ በፊት ተወድዳ እንደማታውቅ ሁሉ፣ መወደድ እንዴት ያለ ፀጥ ያለ ነገር እንደሆነ ገና ያን ጊዜ ገባት።